ሄድ ወይስ ኮምቦ? የቅዳሜ ማታ ጊታሪስት ምርጫ

በአትላንታና በአካባቢዋ ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ቅዳሜ ማታ የሚጫወት ሙዚቀኛ ኑሮው ሁለት ዓይነት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለእንጀራው ሲሯሯጥ ይሰነብትና ቅዳሜ ሲመሽ ጊታሩን አንግቦ ከጠረጴዛዎቹ ጥግ ወደተለቀቀችለት ጠባብ መድረክ ይወጣል። ከእነዚሁ አንዱ፣ ክላርክስተን የሚኖር የሁለት ልጆች አባት፣ አሮጌው አምፕሊፋየሩ አልሠራ ሲለው ለወራት ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ምርጫ ገጠመው። ሄድ ይግዛ ወይስ ኮምቦ?

ነገሩ ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ኮምቦ የሚባለው ማጉያውና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉበት ነው። ሄድ ግን ማጉያው ብቻውን ነው፤ ስፒከሮቹ በሌላ ሳጥን ሆነው በገመድ ይገናኛሉ።

የሰውየው ልብ ያለው ከሄዱ ጋር ነበር። አዲስ አበባ ሳለ የሮሃ ባንድን ካሴት እየመለሰ የሰላም ሥዩምን ጊታር ለመምሰል ሲታገል፣ በሐሳቡ የሚታየው ከጊታሪስቱ ጀርባ እንደ ቁም ሣጥን የተገተረ ማርሻል ነበር። አትላንታ ውስጥ በሥራ ቦታው ስሙን እንኳ አስተካክሎ የሚጠራው የለም። በሳምንት አንድ ማታ፣ ለሦስት ሰዓት ያህል፣ ትልቅ መሣሪያ ጀርባው አድርጎ መቆም ፈለገ። ይህን ምኞት የሚንቅ ሰው ስደትን አያውቅም።

ባለቤቱ ግን ሌላ ነገር ታየት። «ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ማን ሊያወጣልህ ነው? ወገብህን እንደሆነ ታውቀዋለህ» አለችው። አራት ባለ 12 ኢንች ስፒከር የያዘ የማርሻል ሳጥን ብቻውን 36 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሄዱ ገና አልተቆጠረም። የእሱ ወገብ ከተያዘ ደግሞ የሚቀረው ሙዚቃው ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራዩም ጭምር ነው።

ለመሆኑ እነዚያ ግዙፍ መሣሪያዎች ለምን ተሠሩ? ጂም ማርሻል ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራውን ሲጀምር የአዳራሽ ድምፅ ማጉያ ደካማ ስለነበር ጊታሪስቱ ቤቱን የሚሞላው በራሱ አምፕ ነበር። ዛሬ በትልቅ የሠርግ አዳራሽ እንኳ ከትንሽ ኮምቦ ፊት ማይክራፎን ይቆምና ድምፁ በሚክሰር ያልፋል። በምግብ ቤት ውስጥማ ሰው ይጎራረሳል፣ ይጫወታል፤ ባለቤቱም በየመሀሉ «ትንሽ ቀነስ አድርገው» ይላል። ትዩብ አምፕ ደግሞ ድምፁ የሚጣፍጠው ከፍ ሲል ነው። ባለ 100 ዋቱ ሄድ እዚያ ሳይደርስ ማታው ያልቃል።

ዋትም ያታልላል። ስፒከሩ አንድ ዓይነት ከሆነ 100 ዋት ከ50 ዋት የሚበልጠው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ ዋቱ 10 እጥፍ ያህል ማደግ አለበት።

ሄድም የራሱ ጥቅም አለው። ሸክሙ ለሁለት ይከፈላል፤ ማጉያው ሲበላሽ ስፒከሩ ይተርፋል፤ የስፒከር ሳጥን ያለው ቤት ለሚጫወት ደግሞ ሄዱን ብቻ ይዞ መሄድ ይበቃዋል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሁለቱ ኦም መስማማት አለበት፤ ገመዱም የጊታር ሳይሆን የስፒከር ገመድ መሆን ይኖርበታል። ትዩብ ሄድ ያለ ስፒከር ከተከፈተ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥተው የቀሩት ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ በሚነዱባቸው ዓመታት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናቸው ኋላ ይዘው፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ይለማመዱ ነበር። ሙዚቃቸው ሳይቋረጥ የኖረው ከኑሯቸው ጋር በምትሄድ መሣሪያ ነው። በየከተማው ግን ዕቃው ከብዷቸው አንድ ቅዳሜ፣ ከዚያም ሌላ ቅዳሜ ቀርተው ጊታራቸውን የሰቀሉ አሉ።

ሰውየው በመጨረሻ የገዛው ያገለገለ የፌንደር ደሉክስ ሪቨርብ ኮምቦ ነው፤ 22 ዋት፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ክብደቱ 19 ኪሎ ያህል። የሪቨርቡ ማስተጋባት ለትዝታ ይስማማል፤ ለእስክስታውም ቢሆን አላነሰም። ማርሻሉ ከሐሳቡ ጨርሶ አልወጣም፤ ሆኖም ወገቡን አመመኝ ብሎ የቀረበት ቅዳሜ የለም።

እንደ እሱ ለመግዛት ያሰበ ሰው ወደ ሱቅ ሲሄድ የራሱን ጊታር ይያዝ። በምግብ ቤት ልክ ዝቅ አድርጎ ይሞክረው። ከዚያም ሻጩን ሳያስቸግር በገዛ እጁ እስከ መኪናው ድረስ ተሸክሞት ይሂድ። ገንዘቡን የሚከፍለው ከዚያ በኋላ ቢሆን ይሻለዋል።