ጨቅላው ሲንቀጠቀጥ

በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባሉ ደጋ ቀበሌዎች በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት፣ የሚጥል በሽታ ያለባት እናት ስትወልድ ከምጡ ይልቅ የሚያሰጋኝ ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ ነበር። በዚያ ጊዜ ቤተሰቡ ለብቻው የሚወስነው ውሳኔ እናትንም ልጅንም ሊያድን ወይም ሊጎዳ ይችላል።

ፌኖባርቢታል የሚባለውን ኪኒን ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። ለዚህ ሕመም መሰጠት የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ነው። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ በገጠር ጤና ተቋሞቻችን በስፋት ሲሰጥ ኖሯል። ሕመሙም ብርቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ባደረጉት ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ላይ አግኝተውታል።

እናት የምትውጠው ይህ መድኃኒት በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ይደርሳል። ልጁ መድኃኒቱን ለምዶ ይወለዳል፤ እትብቱ ሲቆረጥ ግን ይቋረጥበታል። መድኃኒቱ ከሰውነቱ የሚወጣው ቀስ እያለ ስለሆነ፣ ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ቀናት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ሳምንት ሞልቶት፣ እናትና ልጅ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው። ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ አብዝቶ ያለቅሳል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ጠብቶም የጠገበ አይመስልም።

አንዲት አያት እንዲህ ያለ ልጅ በጋቢ ጠቅልለው፣ ምራታቸውን አስከትለው መጡ።

«ሲስተር፣ የእናቱ በሽታ ተጋባበት። ኪኒኑን አስጥለናታል» አሉኝ።

«እማማ፣ ከተወችው ስንት ቀን ሆናት?»

«ከትናንት ወዲያ ነው።»

ከልጁ ይልቅ ለእናትየዋ ደነገጥኩ። ኪኒኑ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ፣ ፋታ ሳይሰጥ ሊጥላት ይችላል፤ ያውም ምድጃ አጠገብ፣ ልጅ ታቅፋ።

የልጁን እጅ ቀስ ብዬ ያዝኩት፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። አያትየውም እንዲይዙት አደረግኩ፤ አሁንም ቆመ። የሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ቢሆን በመያዝ አይቆምም። ይህ ማለት ግን ቤት ይቀመጥ ማለት አይደለም። የስኳር ማነስ፣ ብርድና ኢንፌክሽንም ጨቅላን ያንቀጠቅጣሉ። ስለዚህ የሚንቀጠቀጥ ጨቅላ ሁሉ በባለሙያ መታየት አለበት። ያ ልጅ ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኘ። እናቱም በሐኪም ምክር ኪኒኗን ቀጠለች።

እንክብካቤው ከባድ አይደለም። ልጁ ራቁት ደረቱ ከእናቱ ደረት ተጣብቆ፣ ከላይ በጋቢ ይሸፈን፤ ለደጋው ብርድም መድኃኒቱ ይኸው ነው። ቤቱ ጭስ አይኑርበት፣ ብርሃኑ ደብዘዝ ይበል፣ አራስ ጠያቂውም ድምፁን ዝቅ ያድርግ። ጡት በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። በጡት ወተት ውስጥ ያለችው ጥቂት መድኃኒት ልጁን ቀስ በቀስ ታላቅቀዋለች። ቅቤ ማዋጥና የስኳር ውሃ መስጠት ግን ይቅር። በሌሎች አገሮች ከሞርፊን ወገን መድኃኒት ለለመዱ እናቶች ልጆችም ዛሬ በቅድሚያ የሚሰጠው እቅፍ፣ ጸጥታና ጡት ነው። ይህ ካልበቃ ሐኪም እየተቀነሰ የሚሄድ መድኃኒት ያዝለታል።

ልጁ ጡት እምቢ ካለ፣ ከልክ በላይ ካንቀላፋ፣ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መንቀጥቀጡም በመያዝ ካልቆመ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ከእትብቱ ወይም ከሌላ ቦታ ደም ከታየም እንዲሁ። ይህ ኪኒን ጨቅላን ለመድማት ስለሚያጋልጥ፣ ልጁ እንደተወለደ የቫይታሚን ኬ መርፌ ሊወጋ ይገባል። አዋላጇ ደግሞ ይህን የምትጠነቅቀው እናትየዋ ኪኒን እንደምትወስድ ካወቀች ነው።

ችግሩ ብዙ ሴቶች ሕመማቸውን መደበቃቸው ነው። ትዳሬ ይፈርሳል ብለው ኪኒኑን እህል ውስጥ ሸሽገው፣ ሰው ሲተኛ የሚውጡ አውቃለሁ። እንግዳ የመጣ ቀን መዋጡ ይቀራል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ ኪኒኑ ግን ከዚያ ጋር ይቀጥል።

ቤት ውስጥ ቃላችሁ የሚሰማ አያቶች፣ ምራታችሁ ኪኒኗን በፊታችሁ እንድትውጥ ፍቀዱላት። ምጥ ሲመጣም ኪኒኑን ከነማሸጊያው ይዛችሁ አዋላጇን አሳዩዋት።