ጭልሞ ደን ሥር ያገኘናቸው ልጆች

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲጓዙ ጊንጪ ላይ ወርደው ወደ ሰሜን ቢያቀኑ ጭልሞ ደን ይገኛል። ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው ተያይዘው ያጠላሉ፤ ከሥራቸው የሚፈልቁት ምንጮች አዋሽን ይመግባሉ።

ከደኑ ስንወጣ ሁለት ሕፃናት የያዙ አንዲት አያት ውኃ አጠጡን። የልጆቹ ወላጆች ጅዳ ናቸው።

«የላኩት ገንዘብ በአጎታቸው ስም ቤት ሆኗል። ወረቀት ግን የለንም፣ ልጄ» አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ የወራሾች ድርሻ በቁርኣን ተወስኗል፤ ወራሽ ላልሆነ ሰው የሚናዘዙትም ከሲሶ አያልፍም። በሰው ስም ያለውን ቤት፣ ዕዳውን፣ አማናውንና የልጆቹን አሳዳሪ ግን ባለቤቱ ካልጻፈው ማን ያውቀዋል? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር አሳስበዋል። (መናዘዝ ሞትን የሚጠራ የሚመስላቸው ግን ዛሬም ብዙ ናቸው።)

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ የተነገረበት፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀት ያለ ምስክርም ይጸናል። ጅዳ ተቀምጦም ይጻፋል።

ይህን ስነግራቸው እማማ ጥቂት ዝም አሉ።

«ጁሙዓ ይደውላሉ፤ ያኔ እነግራቸዋለሁ» አሉ። ትንሿ ልጅ ነጠላቸውን ይዛ ትሰማን ነበር።