ውድ ዕቃ ለማን ይረክሳል?

ሰው ዕቃ ሲገዛ ሁለት ነገር ያታልለዋል፤ አንደኛው የዋጋ ማነስ፥ ሁለተኛው የስም መግነን ነው። በዋጋ ማነስ የተታለለ ዕቃው በተሰበረ ጊዜ ያዝናል። በስም መግነን የተታለለ ግን ዕቃው ሳይሰበር ኪሱ ተራቁቶ ያገኘዋልና ኀዘኑን ለሰው ለመናገር እንኳ ያፍራል። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች ዕቃን የሚመዝኑት በሚሠራበት ሥራ ነበር። ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሊጽፍ በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ ብራናውን በጣቱ ይዳስሰዋል፤ ወደ ብርሃንም አንሥቶ ይመለከተዋል። ጧትና ማታ ለሚገለጥ፥ በማኅደር ተይዞ ከአገር ወደ አገር ለሚዞር ዳዊት ጽኑ ብራና ይመርጣል፤ እጁን ለሚያለማምድ ደቀ መዝሙር ግን ከመጽሐፍ የተረፈው ቁራጭ ይበቃዋል። ደኅናውን ብራና ለልምምድ የሰጠ ባለጠጋ ቢባል እንጂ ብልህ አይባልም፤ በቁራጭም ላይ ዳዊት የጻፈ ቈጣቢ ቢባል እንጂ አዋቂ አይባልም።

ዛሬ ለብዙ ጸሐፊ ብራናውም ቀለሙም መቃውም ኮምፒውተር ሆኗል። ጥያቄው ግን ያው የቀድሞው ነው፤ ይኸውም ስሙ ለገነነው መሣሪያ የሚጨመረው ገንዘብ በእውነት ይገባዋልን? የሚል ነው።

በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ሰው ይህ ጥያቄ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶታል። ሰውየው ቀን በአንድ ደብር የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ያገለግላል፤ ማታ ደግሞ በቤቱ የሰዎችን ጽሑፍ በኮምፒውተር እየጻፈና እያረመ ለማተሚያ ቤት ያዘጋጃል። የሴት ልጁ የትምህርት ክፍያ የሚወጣው ከዚህ ከማታው ሥራ ነው። አሮጌው ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10 በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ግን ለዚህ ሥርዓት የሚሰጠውን መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። መሣሪያው ከመዘግየቱም በላይ አዲሱን ሥርዓት የማይቀበል ሆነ። በዚሁ ወራት የእቁብ ዕጣ ወጣለት። ዕጣው አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ እስከ እቁቡ ፍጻሜ መክፈል እንጂ መቀበል የለምና፥ ያ ገንዘብ በስሕተት ቢጠፋ የሚተካው አልነበረም።

የእኅቱ ልጅ ለጥምቀት ከዋሽንግተን መጥቶ ሳለ ነገሩን ሰማና፥ «ጋሼ፥ አንድ ጊዜ ጨክነው ማኪንቶሽ ይግዙ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ያርፋሉ» አለው። በሒሳብ ሥራ ያረጀ ወዳጁ ደግሞ፥ «ወንድሜ፥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብሃል» ሲል መለሰለት። ሁለቱም ከፍቅር የተነሣ ተናገሩ፤ ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። ሰውየውም ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተነሣ።

(ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) የሁለቱ ወገን የዋጋ ልዩነት ትናንት የመጣ አይደለም። አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ የግል ኮምፒውተሩን በ1981 ሲያወጣ የመጀመሪያው ዋጋ 1,565 ዶላር ነበር። በ1976 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው አፕል ማኪንቶሽን በ1984 ሲያወጣ ግን 2,495 ዶላር ጠየቀበት። የአይ ቢ ኤም መሣሪያ አብዛኛው ክፍል ከሌሎች ፋብሪካዎች የተገዛ ስለ ነበር፥ በ1982 እንደ ተመሠረተው እንደ ኮምፓክ ያሉ ኩባንያዎች የሚመስለውን እየሠሩ ወደ ገበያ አወጡ። ሻጭ በበዛ መጠን ዋጋ ወረደ። አፕል ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ ለጥቂት ዓመታት ለሌሎች ፈቃድ ከመስጠቱ በቀር መሣሪያውን ብቻውን የሚሠራ ሆኖ ቀረ፤ ያንንም ፈቃድ ስቲቭ ጆብስ ወደ ኩባንያው በተመለሰበት በ1997 አስቀረው። እንግዲህ የዋጋው ልዩነት የጥራት ልዩነት ብቻ አይደለም፤ አንድ ሻጭ ባለበት ገበያና ብዙ ሻጭ ባለበት ገበያ መካከል ያለ ልዩነትም ነው። ይህን ያላወቀ ገዢ የተጨመረውን ገንዘብ ሁሉ ለጥራት የከፈለ ይመስለዋል።

ይህም ሲባል ጥራቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። አፕል ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ራሱ የነደፈውን ኤም 1 የተባለውን ቺፕ በላፕቶፖቹ ውስጥ ማግባት ጀመረ። በዚያ ጊዜ በ999 ዶላር የወጣው ማክቡክ ኤር ያለ ፋን በጸጥታ ይሠራል፤ የሚወስደውም ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለ ሆነ አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪ ብዙ ሰዓት ያገለግላል። መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር፥ ሥራውንም በማታ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የእኅቱ ልጅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ነበረው። ያው የግል ኮምፒውተርን ለዓለም ያስፋፋው አይ ቢ ኤም በ2015 ለሠራተኞቹ ማኪንቶሽ ማደል ጀመረ። በ2016 ሒሳቡን ሲገልጥም፥ በአራት ዓመት አገልግሎት ከእያንዳንዱ ማኪንቶሽ ከ273 እስከ 543 ዶላር እንዳተረፈ ተናገረ። ይህን የሰማ ሁሉ ክርክሩ ያለቀ ይመስለዋል።

ነገር ግን ጸሐፊው አንድ ነገር አስተዋለ። ኩባንያው ካተረፈበት ምክንያት ዋናው፥ ማኪንቶሽ የያዙት ሠራተኞች ባለሙያ ለእርዳታ የሚጠሩት ጥቂት ጊዜ መሆኑ ነው። በአሜሪካ የባለሙያ አንድ ሰዓት ውድ ነው፤ የዕቃው መለዋወጫ ግን በቅርብ ይገኛል። በአዲስ አበባ ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ የጠጋኙ ድካም በርካሽ ይገኛል፥ መለዋወጫው ግን በዶላር ተገዝቶ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ስለዚህ በዚያ አገር ትርፍ የሆነው ሒሳብ በዚህ አገር ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ምክር እንደ ዘር ነው፤ የበቀለበትን አፈር ሳይጠይቁ ወደ ሌላ አፈር ቢያዛውሩት ሁልጊዜ አያፈራም።

ስሙ የገነነ ዕቃም አይሳሳትም ማለት አይቻልም። አፕል ከ2015 ጀምሮ እስከ 2019 ድረስ በላፕቶፖቹ ላይ ያኖረው ስስ ኪቦርድ ትንሽ አቧራ ሲገባበት ቁልፉ እየተያዘ ብዙ ሰው አስመርሯል። ኩባንያው በ2018 በነጻ የመጠገን ዕቅድ አወጣ፤ በ2022ም በአሜሪካ የቀረበበትን የደንበኞች ክስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ። ኩባንያው በኢትዮጵያ የራሱ ሱቅ ስለ ሌለው፥ እንዲህ ያለው ጥገና ለአዲስ አበባው ሰው ሩቅ ነው።

ደግሞም ራም የሚባለው የመሣሪያው ጊዜያዊ ማስታወሻ በአዲሶቹ ማክቡኮች ከቺፑ ጋር ተያይዞ የተሠራ ነውና በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ገዢው የሚያስፈልገውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አስቦ መክፈል አለበት። የማክቡክ ኤር መነሻ እስከ ኦክቶበር 2024 ድረስ 8 ጊጋባይት ነበር፤ ያን ጊዜ 16 ሆነ። ከዚያ በፊት ወደ 16 ለማሳደግ ኩባንያው 200 ዶላር ያስጨምር ነበር። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዶላር ትንሽ የሚመስለው ጭማሪ በብር ሲቈጠር የአንድ ልጅ የትምህርት ክፍያ ሊሆን ይችላል።

ከዋጋው ቀጥሎ የሥራው ጠባይ ይመጣል። የሒሳብ ሠራተኛው ወዳጁ እንዳስታወሰው፥ በኢትዮጵያ ብዙ መሥሪያ ቤት ሒሳቡን የሚይዝበት ፒችትሪ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ነው። ብዙ ጸሐፊ የለመደው ፓወር ግዕዝም እንደዚሁ ነው። እርግጥ የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ከገባ ወዲህ ሁለቱም ወገኖች ፊደላችንን አብሮ በሚመጣ ቅርጽ ይጽፉታል፤ በዊንዶውስ ኤብሪማ የተባለው፥ በማኪንቶሽ ከፋ የተባለው ቅርጽ ይገኛል። ስለዚህ አዲስ አማርኛ ለመጻፍ ብቻ ከሆነ አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ምክንያት የለም። ነገር ግን ደንበኞቹ ወደ ጸሐፊው የሚያመጡት ጽሑፍ ብዙው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፊደሎች የተጻፈ ነው፤ ያ ፊደል በሌለበት መሣሪያ ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ብቻ ይታያል። በማኪንቶሽ ላይ ዊንዶውስን ለማሠራት የሚያስችል ዘዴ ቢኖርም፥ እርሱ ደግሞ ሌላ ወጪና ሌላ ትምህርት ነው።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊው ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ ማስላት ጀመረ። ለምሳሌ በ120,000 ብር የተገዛ ዕቃ ስምንት ዓመት ቢያገለግል ዓመቱ 15,000 ብር ይደርሳል። በ70,000 ብር የተገዛው አራት ዓመት ብቻ ቢያገለግል ግን ዓመቱ 17,500 ብር ነው። ስለዚህ ውዱ ርካሽ ሆነ። ወጣቱ የሚለውም ይህንኑ ነበር፤ ስሌቱም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ያው 120,000 ብር የወጣበት ዕቃ በሦስተኛው ዓመት ቢወድቅ፥ ወይም ውኃ ቢፈስስበት፥ ወይም ሌባ ቢወስደው፥ ዓመቱ 40,000 ብር ይሆናል። ባለጠጋ በዚህ ጊዜ ሌላ ይገዛል፤ አንዱን ከአንዱ ጋር አቻችሎም በብዙ ዓመት ያተርፋል። አንድ ጊዜ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ግን የሚያቻችልበት ሁለተኛ ዕቃ የለውም። ስለዚህ አንዱን ዕቃ ሀብታሙ ሲገዛው ቍጠባ፥ ድሀው ሲገዛው ዕጣ መጣል ይሆናል። የእንጀራው መሣሪያ በአንድ ቀን ቢጠፋ ልጁ ከትምህርት ቤት የምትቀር ሰው፥ ስንት ዓመት እንደሚቈይለት ከመጠየቁ በፊት ነገ ቢሰበር በምን እንደሚተካው መጠየቅ ይገባዋል።

ይህን ባሰላ ጊዜ ሦስተኛ መንገድ ታየው። ከአዲሱ ርካሽና ከአዲሱ ውድ መካከል፥ ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ ያገለገሉ ላፕቶፖች አሉ። አይ ቢ ኤም በ1992 የጀመረው፥ በ2005 ወደ ሌኖቮ የተላለፈው ቲንክፓድ ከእነዚህ አንዱ ነው። በብዙዎቹ ዐይነቶች ባትሪውን፥ ኪቦርዱንና ማስቀመጫውን ማንም የሠለጠነ ጠጋኝ ይለውጠዋል፤ ራም የሚጨመርባቸውም አሉ። ገዢው ሊጠነቀቅ የሚገባው ግን ዊንዶውስ 11 የሚቀበል መሆኑን ነው፤ ቺፑ የኢንቴል ከሆነ በአመዛኙ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው መሆን አለበት። ባትሪውንም ሻጩ በተናገረው ሳይሆን ነቅሎ ሰዓት በመቍጠር መመርመር ያሻል።

ሆኖም ከሒሳቡ ይልቅ የከበደው የልቡ ነገር ነበር። ያቺ የተነከሰች የፖም ምልክት በጉባኤ ጠረጴዛ ላይ ስትታይ ባለቤቷን እንደምታስከብር ያውቅ ነበርና። ስለዚህ ራሱን እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «ምልክቱ በጥቍር ወረቀት ቢሸፈን፥ ማንም ሳያየው በቤት ውስጥ ብቻ ብሠራበት፥ ይህን ጭማሪ እከፍል ነበርን?» ለባትሪው ሲል ጥቂት እንደሚጨምር አወቀ። የቀረው ፍላጎት ግን ከወረቀቱ ሥር ቀረ።

ስለዚህ ያገለገለውን ቲንክፓድ ገዛ፤ አዲስ ባትሪ አስገባለት፥ ራሙንም አስጨመረ። የደንበኞቹ ሥራ እንዳይጠፋ በየማታው የሚገለብጥበት የውጭ ሀርድ ዲስክም ገዛ። የተረፈውን ብር ለልጁ ትምህርት አስቀመጠ። አንድ ነገር ግን አጥቷል፤ መሣሪያው ከባድ ነው፥ ፋኑም በጸጥታው ሌሊት ያጕረመርማል፥ መብራትም ቢዘገይ ባትሪው እንደ ማክቡኩ አይጠብቀውም። ይህን አውቆ ስለ መረጠ አላማረረም።

የእኅቱ ልጅም አልተሳሳተም። ደመወዙ በዶላር ነው፤ የጥገናውም ሱቅ ከቤቱ ሩቅ አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛውም ወዳጅ ፍርዱን ለሁሉ ቢያደርገው ይሳሳት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ፊልም የሚያቀናብር ወይም ሙዚቃ የሚቀርጽ ሰው ከፈጣኑ መሣሪያ የሚያገኘው ሰዓት ጭማሪውን ሊመልስለት ይችላልና። የጸሐፊው ልጅ አድጋ እንዲህ ያለውን ሙያ ብትመርጥ፥ አባቷ ሒሳቡን እንደገና መሥራት ይኖርበታል።

ይህ ነገር ለአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ዛሬ ሰበካ ጉባኤዎች፥ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ኮምፒውተር ይገዛሉ፤ የሚገዙበትም ገንዘብ ከሙዳየ ምጽዋት የወጣ ነው። በዚያ ሙዳይ ውስጥ የባለጠጋው ብርና የመበለቲቱ ሳንቲም ተደባልቀዋል፤ ማን ምን እንደሰጠ መለየት አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ገንዘብ የሚገዛ ሁሉ ሁሉንም የመበለቲቱ እንደ ሆነ አድርጎ ይቍጠረው። ለሥራው የሚበቃውን ይግዛ፤ ከሚበቃው በታች ገዝቶም በየዓመቱ አይለውጥ። ቢሰበር የሚጠግነው ማን እንደ ሆነ፥ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ይጠይቅ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ውዱ ዕቃ የሚገባ ሆኖ ከተገኘ ያለ ኀፍረት ይግዛው፤ በሥራ የተመዘነ ውድ ዕቃ ትዕቢት አይደለምና።