በረካዋ አትቅር

ወዳጆቼ፣ "ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ" የሚባለው የቡና ውድድር እንደ ፈረንጆቹ በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ላይ ተካሂዷል። የቡና ቀማሾች በቀን ብዙ ስኒ ስለሚቀምሱ በማንኪያ ሳብ አድርገው ይተፉታል። ሥራቸው ነው፣ አልነቅፍም።

እኛ ከሚሴዎች ግን አንዱን ቡና ቁጭ ብለን ሦስቴ እንቀምሰዋለን፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦል ወፍራም ነው፤ ወሬው ገና የገበያ ነው። ቶና ላይ የልጆች ነገር ይነሳል። በረካ ትቀጥናለች፤ ግን የተኳረፈ ጎረቤት የሚታረቀው፣ የጨነቀው ሰው ጭንቀቱን የሚያወጣው እሷ ላይ ነው።

አሁን አሁን ኑሮው ተወዶ፣ ጊዜውም አጥሮ፣ አቦሏን ጨልጦ "በሉ ቸር ዋሉ" ብሎ መነሳት በዝቷል። ቡናው ከተወደደ ስኒውን እናሳንስ፤ ቡና ቁርሱም ይቅር። በረካዋ ግን አትቅር፤ ስሟ ራሱ ምርቃት ነው።