ለልጄ፣ ከምርጫው በፊት

የምወድሽ ልጄ፣

የቤት ኪራዩ እንዳስጨነቀሽ ባትነግሪኝም ከድምፅሽ አውቄዋለሁ። የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ሲደርስ ይህንን ጭንቀትሽን ይዘሽ እንድትሄጂ ነው የምጽፍልሽ።

የአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። ከንቲባውን ከአባላቱ መካከል ይመርጣል፣ የከተማውን በጀት ያጸድቃል። ስለዚህ «ምን ሊፈይድ» የሚሉሽን አትስሚ።

ቤት እንሠራለን የማይል ዕጩ የለም። ስንት ሺህ እንደሆነ ሲነግርሽ ለማን እንደሆነ ጠይቂው። 20/80 በሚባለው የኮንዶሚኒየም ቤት ሃያው እጅ ከቆጣቢው ኪስ፣ ሰማንያው ከባንክ ብድር ነው፤ ልብስ አጥባ የምታድር እናት ያንን ሃያ ከየት ታመጣዋለች? ቤቱ የሚታደልበትን ዕጣስ ማን ይቆጣጠረዋል? በሐምሌ 2014 ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ከወጣባቸው በኋላ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ መሰረዙን ታስታውሻለሽ። ስንቱ ደስ ብሎት ሰንብቶ ኋላ አለቀሰ።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ከቀዬው የሚነሳው ሰው ነገር ነው። የፒያሳና የካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች ያረጁ፣ የሚያፈሱ ነበሩ፤ ከተማም መታደሱ አይጠላም። ነገር ግን በራፏ ላይ እንጀራ ሸጣ ልጅ ያሳደገች ሴት ከተማ ዳር ቤት ሲሰጣት ደንበኞቿ አብረዋት አይሄዱም። እድሯም ይበተናል። በኮንዶሚኒየም ግቢ በግ የሚታረድበትና እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ቤት እንዲኖር ያሰቡት ባለሙያዎች የሰውን ኑሮ ያውቁ ነበር፤ እጃቸው ይባረክ። ዕጩሽም ስለ ካሬ ሜትር ብቻ የሚያወራ ከሆነ የተነሺዋን እንጀራ፣ የልጆቿን ትምህርት ቤት፣ የታክሲውን ዋጋ አስቦ እንደሆነ ጠይቂው። ከተንተባተበ አላሰበበትም።

ስለ ተከራይም ዝም አትበይ። በአዋጅ 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር አይበልጥም። አንቺ ግን የስድስት ወር አምጪ ተብለሽ ነበር። ሕጉን በየወረዳው እንዴት እንደሚያስከብር የሚነግርሽን ዕጩ ልብ በይው።

የአገርሽ ልጅ ነው ብለሽ፣ ወይም ንግግሩ ጣፍጦሽ ብቻ ለማንም ድምፅሽን አትስጪ። የሁሉንም የምርጫ ማኒፌስቶ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አንብቢ። ያልገባሽ ካለ ደውዪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የመራጮች ምዝገባ ቀን ግን እንዳያልፍሽ፤ አደራ፣ ካርድሽን ቀድመሽ አውጪ።

አባትሽ