በሊቨርፑል ማዶ ያለው የሕዝብ መናፈሻ

መርዚ የሚባለውን ወንዝ ከሊቨርፑል ወደ ማዶ የተሻገረ መንገደኛ በርከንሄድ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። በዚያ ያለው ሰፊ መናፈሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ ከተሠሩት መናፈሻዎችም የመጀመሪያው ነው ይባላል። ሥፍራው አስቀድሞ ውሃ የተኛበት ረግረጋማ መሬት ነበረ። በ1851 ዓ.ም. በሎንዶን የቆመውን የመስተዋት አዳራሽ ያቀደው ጆሴፍ ፓክስተን ውሃው የሚወርድበትን ቦይ አስቀደደ፤ ሐይቅም አስቆፍሮ ከዚያ የወጣውን አፈር በየቦታው እያስከመረ ጉብታ አደረገው። ስለዚህ በውስጡ የሚመላለስ ሰው ሁሉን በአንድ ጊዜ አያይም፤ መንገዱ በተጠማዘዘ ቍጥር ሌላ ነገር ይገለጥለታል። ይህም ይልቁን ለልጆች ደስ የሚያሰኝ ነው።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን ገንዘቡ የተገኘበት ብልኃት ነው። የከተማይቱ ሹማምንት ለመናፈሻው ከሚበቃው አብልጠው 226 ኤከር መሬት ገዙ፤ 125ቱን ለሕዝብ ከልለው፥ በዙሪያው የተረፈውን ለቤት መሥሪያ ሸጡት። ቦታው በዛፍና በውሃ ፊት ስለ ሆነ ዋጋው እጅግ ከፍ አለ። (ቤቱ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ለልጆች መጫወቻ ሜዳ የሚፈልግ ከተማ ይህን ዕድል ከወዴት ያገኘዋል?)

በ1850 ዓ.ም. ፍሬዴሪክ ሎው ኦልምስቴድ የተባለ አሜሪካዊ በዚያ ሲያልፍ፥ መናፈሻቸውን ሳያይ እንዳይሄድ የለመነው አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበረ። ሄዶም ድኻውና ባለጸጋው በእኩል ሲደሰቱበት አየ፤ በአገሩ ይህን የመሰለ የሕዝብ አትክልት እንደሌለም ጻፈ። በ1858 ዓ.ም. ከካልቨርት ቮክስ ጋራ ሆኖ በኒውዮርክ ያለውን የሴንትራል ፓርክን ፕላን አወጣ።