የመንግሥት ጠበቃ

አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ድሮ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተደርድረው ነበር። ኪራዩ ሲንር ብዙዎቹ ተዘጉ፤ ሰዉም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደ። የቀሩት ቤቶች ውስጥ ግን ወሬው ያው ነው። ከወሬዎቹ አንዱ እገሌ ታሰረ የሚለው ነው። ቀጥሎ «ጠበቃ አለው?» ይባላል። «የመንግሥት ነው የሰጡት» የሚል መልስ ከመጣ፣ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት በሽተኛ ይመስል ሁሉም ከንፈሩን ይመጣል። መንግሥት አስሮ፣ መንግሥት ከስሶ፣ ጠበቃውንም መንግሥት ይክፈለው? ታዲያ ለማን ሊከራከር ነው?

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። «ጠበቃ» ከ«ጠበቀ» የመጣ ቃል ነው። የሚጠብቅህን ሰው ማን እንደቀጠረው መጠየቅ ያለ ነው፤ በተለይ ከእኛ አገር ለመጣ ሰው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን ሲረሽን ጠበቃ ቀርቶ ዳኛም አልነበረም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም.፣ የደርግ ባለሥልጣናት ራሳቸው ፍርድ ቤት ቆሙ። ብዙዎቹ ጠበቃ ለማቆም አቅም የለንም ስላሉ መንግሥት ጠበቃ መደበላቸው። ዛሬ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የምንለው ቢሮ ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቹ መካከል እነሱ ነበሩበት። ልጃቸውን በቀይ ሽብር ያጡ እናት በዚህ ቢናደዱ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ ይህን አከብራለሁ። ለማንም ጠበቃ ያላቆሙ ሰዎች ጠበቃ ቆመላቸው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ይህንኑ መብት ለሁሉም ጽፎታል፤ «ፍትሕ ሊጓደል የሚችልበት ሁኔታ» ሲያጋጥም የምትል ማሰሪያ አለችበት እንጂ።

እዚህ አገርም ነገሩ ከሰማይ አልወረደም። ፍሎሪዳ ውስጥ ክላረንስ ጊዲዮን የሚባል ድሃ ሰው ፑል ቤት ሰብሮ ገብቶ ሰረቀ ተብሎ ተከሰሰና ጠበቃ ስጡኝ አለ። ዳኛው በዚህ ግዛት ጠበቃ የሚመደበው በሞት ለሚያስቀጣ ክስ ብቻ ነው አሉት። ራሱ ተከራክሮ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ቤት በእርሳስ ጽፎ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1963 ዘጠኙም ዳኞች ፈረዱለት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በጠበቃ ተከራክሮ ነጻ ወጣ። ሰውየው ያው፣ ክሱም ያው ነበር። ዋሽንግተን ደግሞ በ1960 የተጀመረ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ነበራት፤ በ1970 ኮንግረስ የሕዝብ ተከላካይ አገልግሎት አደረገው። ከባድ ከባዱን ክስ እሱ ይይዛል፤ ሌላውን ፍርድ ቤቱ ለመዘገባቸው የግል ጠበቆች ያከፋፍላል። እዚያ ቢሮ ለመግባት ከትልልቅ የሕግ ትምህርት ቤቶች የወጡ ልጆች ይሻማሉ። (ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ከተከሰሳችሁ ግን «ነጻ» የሚለውን ቃል ጠንቀቅ በሉት፤ ጥፋተኛ ከተባላችሁ የተመደበላችሁ ጠበቃ ዋጋ ከፍርድ ቤት ወጪ ጋር ይታሰብባችኋል።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት ጎረቤቴ የእህት ልጅ ቅዳሜ ሌሊት መጠጥ ቤት በር ላይ ተደባድቦ ታሰረ። ሰኞ ኢንዲያና ጎዳና ያለው ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ጠበቃ ተመደበለትና በቀጠሮ ተለቀቀ። አክስቱ ግን እስከዚያ ድረስ ለእድሩ ደውላ «እውነተኛ ጠበቃ» የሚገዛበት ብር ማሰባሰብ ጀምራ ነበር። በቀጠሮው ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ጠበቃዋ፣ ፋይል ያቀፈች ሴት፣ በፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በኩል አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ዜጋ ነህ?

«አዎ» አለ።

ዜጋ አልነበረም። ግሪን ካርድም የለው፤ ጥገኝነት ጠይቆ ቀጠሮ የሚጠብቅ ልጅ ነው። አክስቱ ክንዱን ጨበጥ አደረገችው። እሱም ወደ እሷ ዞር ብሎ በአማርኛ «እትዬ፣ ለዚች ብነግራት ኢሚግሬሽን ትጠራብኛለች» አለ። አስተርጓሚው የተባለውን ሁሉ መተርጎም ሥራው ነውና ይህንንም ተረጎመው።

ጠበቃዋ አልተቆጣችም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ልጁንም አስቀመጠችው። የምትነግረኝን ለዳኛውም፣ ለዐቃቤ ሕጉም፣ ለኢሚግሬሽንም መንገር አልችልም፤ ብናገር ፈቃዴን እነጠቃለሁ አለችው። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ያቀረበውን ነገረችው። ጥፋተኛ ነኝ በል፣ እስር የለም፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ለዜጋ መልካም ውል ነው። ለእሱ ግን ያቺ «ጥፋተኛ ነኝ» የምትል ቃል ከጥገኝነት ማመልከቻው አጠገብ ትቀመጣለች። ጠበቆች ይህን እንዲናገሩ የሚያስገድደው ውሳኔ የመጣው በ2010 ነው። ባለጉዳዩ ፓዲላ ይባላል፤ በሆንዱራስ የተወለደ፣ ከአርባ ዓመት በላይ አሜሪካ የኖረ፣ ቬትናም የዘመተ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ጠበቃው ይህን ያህል ዘመን ኖረህ አትስጋ ብሎት ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ ከአገር መባረርም ተደቀነበት።

ልጁ እውነቱን ተናገረ። ጠበቃዋ ውሉን አልተቀበለችም፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል የተወሰነ ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ሠርቶ ክሱ እንዲነሣ አደረገች። ለዚህ ሁሉ አንድ ዶላር አልተከፈለም።

የማይገባኝ የእኛ ሰው ብር የሚያዋጣበት ቦታ ነው። ለወንጀል ክስ ቦርሳችንን እንከፍታለን፤ እዚያ ግን ሕጉ ጠበቃ ይሰጣል። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ነገሩ ይገለበጣል። ሕጉ ጠበቃ ማቆም ትችላለህ፣ መንግሥት ግን አይከፍልም ይላል፤ ምክንያቱም ከአገር ማስወጣት እንደ ወንጀል ቅጣት አይቆጠርም። ባንድ በኩል የመንግሥት ጠበቃ ይቆማል፣ በሌላው በኩል አንዳንዴ ብቻውን የመጣ ሕፃን። እስር ቤት ያለበት ቦታ ጠበቃ ተሰጠን፤ አስመራ ወይ አዲስ አበባ የሚመልስ አውሮፕላን ያለበት ቦታ ተከለከልን። ሆኖም በየማኅበሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ እገሌ ኢሚግሬሽን ቀጠሮ አለው ተብሎ ብር ሲዞር ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። እስር ያስደነግጣል፤ ቀጠሮ ግን ወረቀት ብቻ ይመስላል።

አክስቱ ለ«እውነተኛ ጠበቃ» የሰበሰበችውን ብር ለሰጪዎቹ ልትመልስ ነበር። አትመልሺ አልናት። ቨርጂኒያ ያለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ቅድሚያ ክፍያ ሆነ። ግማሹን እንኳ አልሞላም፤ እድሩ ሁለተኛ ዙር መዞር ነበረበት።